የንጉሡ ቁርበት

የምነግራችሁን አታምኑኝም። ካመናችሁኝ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ! እኔ ራሴ እስካሁን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያመንኩት፤ አንዴ ጠላ ጠጥቼ፣ አንዴ ደግሞ የምጠጣው አጥቼ።

ነገሩን ያመጣችልኝ ወለላ የምትባለው አህያዬ ናት። ከገበያ ስንመለስ ጠፍታብኝ ሦስት ክረምት ሙሉ ጅብ በላት ብዬ አልቅሼላት፣ ገመዷንም ለጎረቤት ሰጥቼ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ አቧራውን እያቦነነች መጣች። የግራ ጆሮዋ ጫፍ የለም። ጥርስ ቦጭቆት ነው እንዳይባል አቆራረጡ በምላጭ እንደተቆረጠ ቀጥ ያለ ነው። «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። ነገረችኝ። አህያ አትናገርም የሚል ቢኖር አህያ አያውቅም። አህያ የምትናገረው ሞልቷት፣ የሚጠይቃት አጥታ ነው ዝም የምትለው። ይህችን ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ወለላ የገባችበት ጫካ እንዲህ እንደኛ ቀዬ ዝርክርክ አይደለም። ሥርዓት አለው። ዛፉ እንኳ በማዕረግ ነው የበቀለው፤ ዋርካው መሃል ላይ፣ ግራሩ ራቅ ብሎ፣ ቁጥቋጦው አጎንብሶ። ወንዙ በንጉሡ ደጃፍ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ንጉሡ አንበሳ ነው። የፈረስ ስሙ አባ ነጎድ ይባላል፤ ፈረሱን በልቶት ስሙ ቀርቶለታል። በየማለዳው ፍጥረት ሁሉ እየመጣ እጅ ይነሳዋል፤ የወፈረው ከፊት፣ የከሳው ከኋላ። በዚያ አገር ማንም መወፈር የማይሻው ለዚህ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ሲመርቁ «ከሲታ ሁን» ነው የሚሉት።

ከልማዱ ሁሉ የሚያምረው ግን የተዝካሩ ልማድ ነው። የአንድ ዘር የመጨረሻው የተበላ እንደሆነ፣ የበላው ተዝካር ያወጣለታል። በልቶ ዝም ማለት እዚያ ትልቅ ነውር ነው። የሰስ ዘር ያለቀ ጊዜ ንጉሡ ተዝካር ደገሰ፤ ለድግሱ ሚዳቋ ታረደ። በማግስቱ ቢፈለግ ሚዳቋ የሚባል የለም። ለሚዳቋ ተዝካር ከርከሮ ታረደ። ለከርከሮውም እንዲሁ ሆነ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሐዘን ሐዘንን እየጠራ ሰባት ተዝካር ተበላ። በሰባቱም ላይ እንደ ንጉሡ ያለቀሰ የለም። እንባው በጋማው ላይ ወርዶ ሲንጠባጠብ ያየ ሁሉ፣ የበላው ሌላ ይመስለው ነበር።

ሰባተኛው ተዝካር የቀንደ ወርቅ ነበር። ቀንደ ወርቅን አታውቁትም። እኔም አላየሁት፤ አያቴም አላየው። ቁመቱ እንደ ጊደር፣ ጠጉሩ እንደ ደረሰ ጤፍ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ ተጠማዝዞ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚወጋ፣ ሲሮጥ መሬት የማይነካ ነበር አሉ። ታዲያ አንድ ቀን ሳይሮጥ ቀረ። የመጨረሻው ቀንደ ወርቅ ሥጋው በአንድ ቀን አለቀ፤ ቁርበቱ ግን ስላማረ ንጉሡ ዙፋኑ ላይ አነጠፈው። ከዚያ ወዲህ ዳኝነት የሚሰጠው፣ የሚቆጣው፣ ቀን ቀን የሚያንቀላፋው እዚያ ላይ ነው።

ለዚህ ለሰባተኛው ተዝካር የታረደው የእመት ድኩላ አንድ ልጇ ነበር። እመት ድኩላ ከድግሱ አልቀምስም ብትል፣ «ሟቹን ትንቂያለሽ ወይ?» ብለው ገሠጿት።

ወለላ ጫካው የደረሰችው ከዚህ በኋላ ነው። የንጉሡ አማካሪ አያ ጅቦ ወንዝ ዳር አግኝቷት፣ አንገቷን በአፉ ይዞ በንጉሡ ደጃፍ ሲያልፍ ንጉሡ አየው።

«አንተ፣ በዚህ ጫካ ስንት አህያ አለ?»

«አንዲት ናት፣ ንጉሥ ሆይ» አለ አያ ጅቦ በጥርሱ መሃል፤ «ይችው የያዝኳት።»

«እንግዲያ ብትበላት የመጨረሻዋን በላህ ማለት ነው። ተዝካር ልታወጣላት ነው? እኔ ሰባት ደግሼ ወገቤ ተቆርጧል። ልቀቃት፤ ውሃ ትቅዳልን።»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። ባል ያላስጣላትን ብቸኝነት አስጣላት። ወለላ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቅል ውሃ እየተሸከመች ለጉባኤው ታቀርባለች፤ ከኋላ ትቆማለች፤ የሚጠይቃት ስለሌለ አንድ ቃል አትናገርም።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው በዝንጀሮ ልጆች ዘፈን ነው። ሥራ የፈታ ልጅ አገር ይፈታል። ዛፍ ላይ ሆነው እንዲህ እያሉ ያዜማሉ፦

«ቀን በልቶን ሲያበቃ ማታ የሚያለቅሰው፣
አባ ተዝካር እንጂ ሌላ ስምም የለው።»

ንጉሡ ሰማ። አባ ነጎድ ቀርቶ አባ ተዝካር!

«እነዚህን ልጆች ልብላቸው?» አለ ለአያ ጅቦ።

«ይብሏቸው። ግን ንጉሥ ሆይ፣ እነሱ ካለቁ ዝንጀሮ አለቀ። ዝንጀሮ ካለቀ ስምንተኛ ተዝካር ነው። ስሙ ይብስበታል።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ያጠፉትን ይመልሱ።»

ንጉሡ አያ ጅቦ ጠጥቶ እንደሆነ ለማወቅ አፉን ጠጋ ብሎ አሸተተው። የተለመደው ግማት እንጂ መጠጥ የለበትም።

አያ ጅቦ እመት ጦጢትን ጠራ። እመት ጦጢት ሌላ ናት፤ የተማረች ናት። ከወንዙ ማዶ፣ ሰዎች ነጭ ካባ ለብሰው ፍጥረትን እንደ ሊጥ በሚያቦኩበት የመስታወት ቤት፣ በፍርግርግ ውስጥ ሦስት ዓመት ታስራ ሁሉን ስታይ የኖረች ናት። ቁልፉን ሰርቃ ስታመልጥ አንድ ብልቃጥ፣ አንድ መርፌና ብዙ ኩራት ይዛ ነው የወጣችው።

«አንዲት ጠጉር ከነሥሯ ትበቃኛለች» አለች እመት ጦጢት፣ በዙፋኑ ላይ የተነጠፈውን የቀንደ ወርቅ ቁርበት በጣቷ እየዳበሰች። «በአንዲት ጠጉር ውስጥ እኮ ፍጥረቱ በሙሉ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ዓይኑ፣ ቀንዱ፣ ሰኮናው። እኔ ዘርግቼ አሳያችኋለሁ። የሚጎድለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚሸከመው ማኅፀን።»

ንጉሡ ፍጥረትን ሁሉ በዋርካው ሥር ሰበሰበ።

አያ ጅቦ ተነሣ። ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ ሆዱ እንዳይሰማበት ነው። «የዚህ ጫካ ልጆች! ገዳይ ንጉሥ ሞልቷል። ገድሎ የመለሰ ግን ማን አለ? ጠላቶቻችን ንጉሣችንን ዘር አጥፊ ይሉታል። እኔ ደግሞ እጠይቃለሁ፦ ባያጠፋ ኖሮ ምን ይመልስ ነበር?»

አጨበጨቡ። እዚያ ጫካ ያላጨበጨበ ወደ ፊት መስመር ይዛወራል፤ ከወፍራሞቹ ጋር።

አንዲት ብቻ አላጨበጨበችም፤ እጇ ስለማይገጥም። እማማ ኤሊ ናት። ዕድሜዋን ስትጠየቅ፣ «ይህ ዋርካ ፍሬ ሳለ ረግጬዋለሁ» ትላለች። አንገቷን አውጥታ፣ «ልጆቼ፣ እኔ ሰባቱንም ተዝካር በልቻለሁ» አለች። «ተዝካሩ የተበላለት ተመልሶ ሲመጣ ግን አላየሁም። ቢመጣስ ምን ብለን እንቀበለዋለን? ‹እንኳን ደህና መጣህ፣ ንፍሮህን በልተንልሃል› ልንለው ነው? ለምን መለሳችሁኝ ቢለንስ?»

«ስለምንወድህ ነዋ እንለዋለን» አለ አያ ጅቦ።

«ያኔም ወደነው ነበር እኮ፣ አያ ጅቦ። ያለቀው ከመውደዳችን ብዛት ነው።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው እንዳልሳቀ ሆነ። ንጉሡ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማኅፀን» አለ ባጭሩ፤ ዓይኖች ሁሉ ዞረው እመት ድኩላ ላይ አረፉ። ሌላውማ ወይ ትንሽ ነው፣ ወይ እንቁላል ጣይ ነው፣ ወይ እንደ ወለላ ሰኮናው ድፍን ነው፣ ወይ ተዝካሩ ተበልቷል።

እመት ድኩላ ቀስ ብላ ተነሣች። «አንድ ልጄን በቀንደ ወርቅ ተዝካር በልታችሁብኛል» አለች። «አሁን ደግሞ ቀንደ ወርቅን ውለጂልን ትሉኛላችሁ። ይሁን። ባዶ ሆድ ከመያዝ የባዕድ ልጅ መያዝ ይሻላል። ይህኛውን ግን አትበሉብኝም። ንጉሥ ሆይ፣ ይማሉልኝ።»

ንጉሡ መዳፉን ቁርበቱ ላይ አሳርፎ ማለ። «አባ ነጎድ ይሙት! ጥርሴ አያርፍበትም።»

የመጀመሪያው ስምንት ሳምንት ቆይቶ ወጣ፤ ፊት አልነበረውም። ሁለተኛው ፊት ነበረው፤ ትንፋሽ አልነበረውም። እመት ጦጢት፣ «ልምምድ ነው» ብላ ሁለቱንም ቀበረቻቸው። እመት ድኩላ ለልምምዶቹ ስም አውጥታላቸው ነበር። ስማቸውን ለማንም አልተናገረችም።

ሦስተኛው ተወለደ። ከእናቱ አጥንት የሰፋ ስለነበር ሲወጣ ዳሌዋን ሰበረው፤ ከዚያ ቀን ጀምራ ታነክሳለች። ግን ምን አለፋችሁ፣ ልጁ ልጅ ነው! ጠጉሩ የደረሰ ጤፍ፣ ዓይኑ የጉድጓድ ውሃ። ንጉሡ «መላሽ» ብሎ ሊሰይመው ፈለገ፤ ስሙ ለራሱ እንዲያገለግለውም ጭምር ነው። እናቱ ግን ልጅ ሞቶባት የወለደች ሴት እንደምታደርገው አደረገች፤ ማስረሻ አለችው።

የአባ ነጎድ ዝና ወጣ። ከሌላ ጫካ ነብሩም፣ ጎሹም እየመጣ ማስረሻን አይቶ እየተገረመ ይሄዳል። የዝንጀሮ ልጆች ዘፈናቸውን እንዲለውጡ ታዘው፣ «አባ መላሽ» እያሉ ያለ ዜማ ያነበንባሉ።

ማስረሻ ግን አንድ ነገር ጎደለው፤ ድምፅ። እናቱ እንደ ድኩላ ትጮኻለች፤ እሱ ሲሞክር ጉሮሮው ይታነቃል፤ ጉሮሮው የድኩላ አይደለማ! ኮረብታ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን ያያል። «እማዬ፣ የኔ ዓይነቶቹ የት አሉ?» ይላል።

«ሩቅ ሄደዋል።»

«መቼ ይመጣሉ?»

«አንተ መጣህ አይደል?»

«ንጉሡ የሚቀመጡበት ነገር ለምንድነው ደስ የሚል ሽታ ያለው?»

«የሣር ምንጣፍ ነው ልጄ። ሣር ይሸታል። ና አሁን፣ ጥላው ሥር ተኛ።»

ብቸኝነቱን አይታ እማማ ኤሊ አዘነችለት። «የወገኖችህን ጥሪ እኔ አስተምርሃለሁ» አለችው። «ጆሮዬ አልከዳኝም።» አንገቷን እስከቻለች አወጣችና በዚያች በሻከረች ድምፅዋ፣ «ኡዋ… ኡዋ… ኡህ!» አለች። ልጁ አንዴ ሰምቶ ያዘው። ከእሱ ጉሮሮ ሲወጣ ጫካው በሙሉ ቀጥ አለ፤ ወንዙ እንኳ ቆመ ነው የምትለኝ ወለላ። ማስረሻ በደስታ ዘለለ። ከዚያ በኋላ ያገኘውን ሁሉ፣ ጉንዳኑንም ጭምር፣ «ኡዋ… ኡዋ… ኡህ!» እያለ ሰላም ማለት ጀመረ።

እመት ድኩላ ግን እማማ ኤሊን ለብቻዋ ይዛ፣ «እማማ፣ ይህን ጥሪ የሰሙት የት ነው?» አለቻት።

እማማ ኤሊ አንገቷን በግማሽ ሰበሰበች። «ምንጩ አጠገብ። የመጨረሻው ቀን።»

«እና ይህ…»

«ሌላ አላውቅም ልጄ። ሲስቁ፣ ሲጠራሩ፣ ልጆቻቸውን ሲያባብሉ እኔ ሩቅ ነበርኩ። ኤሊ ደርሳ የምትሰማው መጨረሻውን ብቻ ነው።»

እመት ድኩላ ኮረብታው ላይ ልጇ ሲፈነድቅ ተመለከተች። ወገኖቹ ሲሞቱ የጮኹትን ጩኸት እንደ ሰላምታ እየረጨ ይዘላል። ንገሪው አላት ልቧ። ምን ብላ ትንገረው? «ከምንም ይሻለዋል» አለችና ዝም አለች። እዚያ ጫካ ስንት ነገር ከምንም ይሻላል ተብሎ ዝም እንደተባለ ብነግራችሁ ሰምታችሁ አትጨርሱትም።

ማስረሻ እንደ ደንቡ በየማለዳው ንጉሡን እጅ ይነሳል። ፊቱ ቆሞ፣ «አባባ ንጉሥ፣ እንዴት አደሩ?» ይልና፣ ከልቡ ስለሚወደው የሚያውቀውን ትልቁን ሰላምታ ይጨምርለታል። «ኡዋ… ኡዋ… ኡህ!»

በመጀመሪያው ቀን የንጉሡ ጅራት ሳይፈልግ ተወራጨ። በሁለተኛው ቀን ጥፍሩ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ምራቁ ቁርበቱ ላይ ተንጠባጠበ። ያችን ድምፅ መጨረሻ የሰማት አፉ ሙሉ ሳለ ነበርና ድምፁም ጣዕሙም አብረው ነበር የተቀመጡበት። አንድ ዓመት ሙሉ ታገሠ። እኔ መቼስ እውነቱን ልናገር፣ አንበሳ አንድ ዓመት ታገሠ ሲባል ከዚህ ተረት ሁሉ ለማመን የከበደኝ ይሄ ነው። በመጨረሻ አያ ጅቦን ጠራው።

«ይህ ልጅ ሰላም ባለኝ ቁጥር ይርበኛል።»

«ይብሉት።»

«ምያለሁ እኮ! ደግሞስ አንድ ነው። ብበላው ያው ተዝካር ነው፤ ያው ስሜ ተመልሶ ይመጣል።»

አያ ጅቦ ቁርበቱን ተመለከተ። ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ሳቀ፤ ጅብ ሲስቅ ደግሞ ታውቃላችሁ።

በማግስቱ አዋጅ ተነገረ። ጉባኤው ሲሞላ አያ ጅቦ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። «ወገኖቼ! እስከ ዛሬ የምንፈራው ምን ነበር? መበላትን? አይደለም! መበላትማ የአባቶቻችን ነው። የምንፈራው ማለቅን ነበር። እንግዲህ እመት ጦጢት ማለቅን አሸንፋለች። እያንዳንዱ ዘር ከጆሮው ጫፍ ትንሽ ለብልቃጧ ይስጥ። ከዚያ በኋላ የበላው ቢበላው፣ በሚመጣው ክረምት ይመለሳል። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጫካ ሞት የለም፤ ያለው ቀጠሮ ነው!»

አቤት የነበረው እልልታ! ጥንቸሏ ከደስታዋ የተነሣ ሁለቱንም ጆሮዎቿን ልስጥ ብላ ለመኗት ነው የተወችው። ዝንጀሮው ጅራቴንም ጨምሩልኝ አለ። ተሰልፈው፣ በመርፌ እየተወጉ፣ በምላጭ እየተቆረጡ፣ እየደሙ፣ እየሳቁ ወጡ። እማማ ኤሊ ተራዋ ሲደርስ፣ «ጆሮ የለኝም» አለች።

«እስከ ዛሬ በምን ስትሰሚ ነበር?» አላት አያ ጅቦ።

«እየሰማሁ መስሎኝ ነበር እኔም።»

ከጅራቷ ጫፍ ወሰዱላት። ወለላም ሰጠች። ቀንድ ካላቸው ጋር እኩል የተሰለፈችበት የመጀመሪያ ቀኗ ስለሆነ ኮርታ ነበር። ጆሮዋ ተቆርጦ ዞር ስትል ግን አያ ጅቦ ሲያያት አየችው። እያያት ያለው እንደ ድሮው ነው። አንድ ብቻ መሆኗ ከእንግዲህ እንደማያስጥላት የገባት ያኔ ነው።

እመት ድኩላ የአዋጁን ፍሬ ከሁሉ በፊት ተረድታ ነበር። እያነከሰች ወደ እመት ጦጢት ጎጆ ሄደች። እመት ጦጢት ብልቃጧን እየወለወለች ነው።

«እመት ጦጢት፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ማስረሻን ቢበሉት፣ የምትመልሺው ማስረሻን ነው ወይስ ማስረሻን የሚመስል?»

«ያው ጠጉር፣ ያው ዓይን፣ ያው ቀንድ ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ያውቀኛል ወይ? ዝናብ ሲመጣ ሆዴ ሥር እንደሚገባ ያውቃል? አንድ ሌሊት ነጎድጓድ ሲፈራ የነገርኩትን ያስታውሳል?»

እመት ጦጢት ንጹሕ የነበረውን ብልቃጥ እንደገና ወለወለች። «እኔ ባለሙያ ነኝ። ሸክላ ሠሪ ድስቱን ትሠራለች እንጂ ምን እንደሚበስልበት አትጠይቅም።»

«ድስቱ እኔ ነኝ፣ እመት ጦጢት» አለች እመት ድኩላ። «እኔን ጠይቂኝ።»

እመት ጦጢት አልጠየቀቻትም። ስትወጣ ግን ከኋላዋ፣ «ዳሌሽ ሲሽር ለሚቀጥለው ትዘጋጃለሽ ብለዋል» አለቻት።

እሑድ ትልቅ በዓል ሆነ። የአዲሱ ሥርዓት በዓል ነው። ዋርካው ሥር ቄጤማ ተጎዘጎዘ፤ ፍጥረት ሁሉ የተቆረጠ ጆሮውን አቁሞ ተሰበሰበ። ንጉሡ ቁርበቱ ላይ ተቀምጧል። ወለላ ከኋላ፣ የውሃ ቅሏን ተሸክማ ቆማለች። ማስረሻን መሃል ላይ አቆሙት፤ የአበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ አድርገውለታል፤ እሱ ደግሞ አበባውን ሊበላ አንገቱን ያዞራል፣ አይደርስበትም፣ እንደገና ያዞራል።

«የአዲሱ ሥርዓት የመጀመሪያው ክብር ለማስረሻ ይገባል!» አለ አያ ጅቦ። «ዛሬ በንጉሣችን ማዕድ ላይ ይውላል፤ በሚመጣው ክረምት በመካከላችን ይቆማል!»

እመት ድኩላ እያነከሰች ወደ ፊት ወጣች። «ምለውልኛል!» ብላ ጮኸች። «አባ ነጎድ ይሙት ብለው ምለውልኛል! ይህ ሁሉ ሰምቷል!»

ይህ ሁሉ ሰምቷል። ይህ ሁሉ ግን ሣር ሣሩን አየ።

ንጉሡ ዓይኑን ወደ አያ ጅቦ መለሰ። አያ ጅቦ ፈገግ አለ። «እመት ድኩላ፣ እናት ስለሆንሽ አንቆጣሽም። ንጉሡ መሐላቸውን አላፈረሱም። መሐላ የሚፈርሰው ልጅሽ ቢጠፋ ነው። ልጅሽ ግን አይጠፋም። የሚመለሰው ሌላ እንዳይመስልሽ፤ ራሱ ነው! ዛሬ የሚሄደውም ማስረሻ፣ ነገ የሚመጣውም ማስረሻ። ራሱ የመጣን ሞተ የሚል ማን ነው?»

አጨበጨቡ።

ማስረሻ የአበባውን ነገር ተወና ቀና አለ። «አያ ጅቦ» አለ፣ «እንዲህ ከሆነ እኔ ከዚህ በፊትም ነበርኩ ማለት ነው?»

«ነበርክ እንጂ!» አለ አያ ጅቦ፤ ነገሩ ስለቀናው ድምፁ ሞቀ። «ነበርክ፣ ተመለስክ፤ ገና ስንቴ ትመለሳለህ! ይኸው ራስህ ምስክር ነህ።»

«ያኔ የኔ ዓይነቶች ነበሩ?»

«ሞልተው።»

«ታዲያ የት ሄጄ ነው የተመለስኩት?»

አያ ጅቦ እጁን ከደረቱ አወረደ። ሆዱ ጮኸ፤ ሁሉም ሰማው።

«ልጄ፣ ና ወደ እኔ» አለች እመት ድኩላ። አልሄደም። እግሩ ወደ ዙፋኑ ነው የወሰደው። ንጉሡ ሊበላው የተዘጋጀ ቢሆንም፣ የሚበላው ነገር በራሱ እግር ሲመጣበት ደንገጥ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸት አለ፤ ያኔ የቁርበቱ ጫፍ ተገለጠ። ማስረሻ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ። ጠጉሩን ተመለከተ፤ ዞሮ የራሱን ጎን ተመለከተ። እንደገና አሸተተ። የሚያውቃት ያችው ጥሪ ከጉሮሮው ልትወጣ ስትል መልሶ ዋጣት።

«አባባ ንጉሥ» አለ ዝግ ብሎ፣ «ይህ የተቀመጡበት ነገር እኔን እኔን ይሸታል። የማን ነው?»

ንጉሡ አያ ጅቦን አየ። አያ ጅቦ እመት ጦጢትን አየ። እመት ጦጢት ብልቃጧን አየች። እማማ ኤሊ አንገቷን ሙሉ በሙሉ አስገባች። እመት ድኩላ አፏን ከፈተች፤ «ሣር ነው» ለማለት እንኳ አልሆነላትም። ወንዙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ያ ሁሉ ፍጥረት፣ ያ ሁሉ የተቆረጠ ጆሮ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ወለላ ከኋላ ሆና ግራና ቀኝ አየች። ሦስት ክረምት ስትኖር መልሱን የምታውቀው ጥያቄ በዚያ ጉባኤ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነው። የሚመልስ ስላጣች፣ የውሃ ቅሏ ከጀርባዋ ወድቆ እስኪሰበር ድረስ አንገቷን አውጥታ ጮኸች፦

«የራስህ ነዋ!»